«ጎማውን ከቧንቧው ጋር ያገናኙ»፦ በአንድ የተሳቢ ቤት የውሃ መመሪያ የአማርኛ ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

በርእሱ የተጠቀሰው ዐረፍተ ነገር በሰዋስው በኩል እንከን አይወጣለትም። ግሱ በአክብሮት የትእዛዝ አንቀጽ ቀርቧል፤ ተሳቢውም «ን»ን ይዞ በቦታው ተቀምጧል። ነገር ግን አንድ ሰው ይህን ወረቀት በእጁ ይዞ በመኪና ከሚጎተት ቤት አጠገብ ቢቆም ምን እንዲያደርግ እንደታዘዘ ከቃላቱ ሊረዳ አይችልም። «ጎማ» ከፊቱ አራት አለ፤ አምስተኛው ትርፍ ጎማ ከኋላ ተሰቅሏል፤ ስድስተኛው እንደ እባብ ተጠቅልሎ በሣጥን ውስጥ የተቀመጠው የውሃ ጎማ ነው። «ቧንቧ»ም እንዲሁ ነው። ከመሬት ብቅ ያለው የሰፈሩ መክፈቻ ቧንቧ ይባላል፤ በወጥ ቤቱ ያለው መክፈቻ ቧንቧ ይባላል፤ ከወለሉ በታች የተዘረጋውም ቧንቧ ይባላል።

ዐረፍተ ነገሩ የተወሰደው በሰሜን አሜሪካ ተሳቢ ቤት ተከራይተው ለሚጓዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ከተዘጋጀ አንድ ባለ አራት ገጽ መመሪያ ነው። የአከራዩንም ሆነ የተርጓሚውን ስም መጥቀስ ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ አያስፈልግም። መናገር የሚገባው ግን አንድ ነገር አለ። ረቂቁ ከመታተሙ በፊት ለእርማት ቀርቦልኝ ነበር። እኔም ሆሄያቱን አስተካክዬ፣ ሥርዓተ ነጥቡን አሟልቼ፣ በሦስት ቦታ የግስ እርባታ አርሜ «መልካም ትርጉም ነው» ከሚል ማስታወሻ ጋር መልሼዋለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚሰነዘረው ሒስ ግማሹ ወደ ራሴ የሚመለስ ነው።

ነገሩ የሽርሽር ጉዳይ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባም። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ካወጣች ወዲህ አማርኛ በዚያች ከተማ መሥሪያ ቤቶች ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ዛሬ የተሳቢ ቤት መመሪያ የሚተረጉመው ሰው ነገ የሆስፒታል ወይም የእሳት አደጋ መመሪያ ይተረጉማል። በትንሹ ጽሑፍ የለመደውን የአሠራር ዘዴም ወደ ትልቁ ይዞት ይሄዳል። ደግሞም ውሃ የሚጠጣ ነገር ነውና ትንሽ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ስያሜ ከነገሩ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ በቅድሚያ ነገሩን ራሱን እንመልከት። ተሳቢ ቤት ውሃ የሚያገኝበት መንገድ ሁለት ነው። በመጀመሪያው መንገድ በሰፈሩ ቦታ ላይ ከተተከለው መክፈቻ በጎማ የሚመጣው ውሃ በቤቱ ግድግዳ ላይ ባለ መግቢያ በኩል ገብቶ በራሱ ግፊት በቀጥታ ወደ ወጥ ቤቱና ወደ መታጠቢያው ይደርሳል። በዚህ ጊዜ የቤቱ የውሃ ጋንም ሆነ ፓምፕ ሥራ የላቸውም። በሁለተኛው መንገድ ጋኑ አስቀድሞ ይሞላና ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ውሃውን ከጋኑ እየሳበ ይገፋል። ለምሳሌ በቨርጂኒያ በሚገኘው የሸነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ማደሪያዎች ለየቦታው የተዘረጋ የውሃ መስመር የለም። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ በጋኑ ውሃ ከመጠቀም በቀር ምርጫ የለውም። የግል ማደሪያዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ቦታ መክፈቻ አቁመዋል። ሁለቱ መንገዶች በግድግዳው ላይ ሁለት የተለያዩ መግቢያዎች አሏቸው። እንግሊዝኛው የመጀመሪያውን «ሲቲ ዋተር»፣ ሁለተኛውን «ፍሬሽ ዋተር» ይላቸዋል።

መመሪያው የመጀመሪያውን «የከተማ ውሃ»፣ ሁለተኛውን «ንጹህ ውሃ» ብሎ ተርጉሟቸዋል። ቃል በቃል ሲታይ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በደን መካከል ያደረ ሰው «የከተማ ውሃ መግቢያ» የሚል ጽሑፍ ቢያይ፣ ከተማ በአካባቢው የለምና፣ ይህ መግቢያ ለዛሬ እንደማያገለግለው ቢያስብ አይፈረድበትም። «ንጹህ ውሃ» የሚለው ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው፤ አንዱ «ንጹህ» ከተባለ ሌላው ንጹህ እንዳልሆነ አንባቢው ይገምታልና። በእውነቱ ሁለቱም መግቢያዎች የሚቀበሉት አንድ ዓይነት የመጠጥ ውሃ ነው። ልዩነታቸው በውሃው ጥራት ሳይሆን በውሃው መንገድ ነው።

ይህ ልዩነት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር ቢሆን ኖሮ ተርጓሚውን ይቅር ባልን ነበር። እንግዳ ግን አይደለም። ባለፉት አሥርታት በአዲስ አበባ የኖረ ሰው ሁሉ ይህንኑ ሥርዓት በቤቱ ያውቀዋል። መስመሩ ውሃ ሲኖረው «ቧንቧ መጣ» ይባላል፤ ውሃውም በቀጥታ ይወርዳል። ሲጠፋ በግቢው በብረት መቆሚያ ላይ ከተሰቀለው ሮቶ ይወርዳል ወይም በፓምፕ ይገፋል። የቤት እመቤቷም፣ የቤት ሠራተኛዋም፣ የቧንቧ ሠራተኛውም የዛሬው ውሃ «የቧንቧ» ይሁን «የሮቶ» ለይተው ይናገራሉ። ተሳቢ ቤት ማለት እንግዲህ ይህንኑ ግቢ እግር አውጥቶለት መንገድ የወጣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን «የቧንቧ ውሃ መግቢያ»፣ ሁለተኛውን «የውሃ ጋን መሙያ» ብሎ መሰየም አዲስ ቃል መፍጠር አይጠይቅም። አንባቢውን ከማያውቀው ወደሚያውቀው ያደርሰዋል።

እዚህ ላይ «ጋን» ማለቴን የሚቃወሙ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። «ሮቶ» የአንድ ምርት ስም ሆኖ ሳለ በአገሩ ሁሉ የማናቸውም የፕላስቲክ ውሃ ማጠራቀሚያ መጠሪያ ሆኗል፤ ነገር ግን ሲጠራ ክቡን ጥቁር በርሜል ያሳያል እንጂ ከወለል በታች የተደበቀን ጠፍጣፋ ዕቃ አያሳይም። «ታንከር» በቤት ውስጥ ቢለመድም በመንገድ ላይ የነዳጅና የውሃ መኪና ነው፤ ስለ ተሽከርካሪ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ይህ ቀላል መደናገር አይሆንም። «ማጠራቀሚያ» ትክክል ነው፤ ረዥም ስለሆነ ግን በመለያ ጽሑፍ ላይ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ዓይን ይደክማል። «ጋን» አጭር ነው፤ ብዙ የሚይዝ፣ ከቦታው የማይነሣ ዕቃ መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። ጠላ ያስታውሳል ከተባለም የሚጎዳው ነገር አይታየኝም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የሦስቱ ውሃዎች ስያሜ ነው፤ ጉዳት የደረሰውም በዚህ ነው። ተሳቢ ቤት ከመጠጥ ውሃው ሌላ ሁለት የቆሻሻ ጋኖች አሉት። በአንዱ ከዕቃ ማጠቢያና ከገላ መታጠቢያ የሚወርደው፣ በሌላው ከመጸዳጃው የሚወርደው ይጠራቀማል። እንግሊዝኛው በቀለም «ግራጫ» እና «ጥቁር» ይላቸዋል፤ መመሪያውም «ግራጫ ውሃ» እና «ጥቁር ውሃ» ብሎ ተከትሎታል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ጥቁር ውሃ ማለት ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ወንዝና በስሙ የሚጠራው አካባቢ ነው። በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ስሙን ሲሰማ ድልድዩንና ሐይቁን ያስታውሳል እንጂ አፍንጫውን አይዝም። ቀለሞቹ በእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ናቸው፤ በአማርኛ ግን ቀለም ሆነው ቀሩ።

ቋንቋችን ለመጀመሪያው ውሃ ከማንም ያልተዋሰው ቃል አለው፤ «እጣቢ» ይባላል። ዐጠበ ከሚለው ግስ የወጣ ሆኖ፣ ዕቃ ወይም እጅ የታጠበበትን ውሃ ያመለክታል። እንግሊዝኛው በቀለም ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ የሚገልጸውን አማርኛው በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው አያቶች እጣቢውን ለምን ለምን እንደሚያውሉት ተርጓሚው ቢጠይቅ ኖሮ ቃሉን ያገኘው ነበር። ስለዚህ «የእጣቢ ጋን»። ለሁለተኛው «የመጸዳጃ ጋን» ይበቃል፤ ጽሑፉ ጨዋ ሆኖ ሳለ ነገሩን አይደብቅም።

ስሕተቱ ምን እንዳስከተለ ልናገር። ብዙ ተሳቢ ቤቶች የመጸዳጃውን ጋን ከውስጥ በውሃ የሚያጥብ መርጫ አላቸው። ለእርሱም በግድግዳው ላይ ሌላ መግቢያ ይደረግለታል። ይህ መግቢያ ከቧንቧ ውሃ መግቢያው አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል፤ የጎማ ማያያዣው ጥርስም ያው በአሜሪካ ለአትክልት ጎማ የተለመደው የሦስት ሩብ ኢንች ጥርስ ነው። እንግዲህ ሁለቱን የሚለያቸው በላያቸው ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። መመሪያው ይህን መግቢያ «የጥቁር ውሃ ታንክ በንጹህ ውሃ ማጽጃ» ብሎታል። ባለፈው በጋ የእህቴ ልጅ ከቤተሰቧ ጋር ተሳቢ ቤት ተከራይታ በሄደችበት ማታ ስልክ ደወለች፦ «ጋሼ፣ አንተ ያረምከው ወረቀት ላይ ንጹህ ውሃ የሚል ሁለት ቦታ አለ፤ ጎማውን የትኛው ላይ ነው የምገጥመው?» አለችኝ። እኔ ስልኩን ያነሣሁት ዘግይቼ ነበር። እርሷም እስክትጠብቀኝ ድረስ «ንጹህ» እና «ማጽጃ» የሚሉ ቃላት የተደራረቡበትን መርጣ፣ የመጠጥ ውሃ ጎማውን ገጥማ ውሃውን ከፍታለች። የመጸዳጃው ጋን መልቀቂያ ዝግ ስለነበር ጋኑ ሞልቶ በመጸዳጃው መቀመጫ በኩል ወደ ላይ ተመለሰ። የታመመ ሰው አልነበረም። የወለል ምንጣፉና ሁለት ፍራሽ ግን ተጣለ፤ ያ ጎማም ከዚያ በኋላ ለመጠጥ ሊውል ስለማይችል አብሮ ተጣለ። በስልኩ ውስጥ ከኋላዋ የልጆቹ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ምን እንደምላት አላወቅሁም።

ጥፋቱ የተርጓሚው ብቻ አይደለም ማለቴ ለዚህ ነው። እኔ ያረምኩት ሆሄ ነበር፤ መመሪያውን ይዤ የነገሩን ሥዕል እንኳ አላየሁም። በስያሜ ሥራ ላይ የቆየን ሰዎች ልማድ ሆኖብን ቃልን ከቃል ጋር እናመዛዝናለን እንጂ ከዕቃው ጋር አናመዛዝንም። ይህ ጉዳይ በስብሰባ ላይ ቢቀርብልን ምናልባት «ሙባአ ማይ» የሚል የግእዝ ጥምር አውጥተን በቃለ ጉባኤ እናጸድቀው ነበር። ያ ደግሞ ያማረ ሆኖ ሳለ ለእህቴ ልጅ ከ«ንጹህ ውሃ» ባልተሻለ ነበር።

ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ጎማ» ከጣሊያንኛ የመጣ ውሰት ቃል ነው። ላስቲኩንም፣ የመኪና እግሩንም፣ ውሃ ማስተላለፊያውንም ያጠቃልላል። አንዳንዶች ለውሃ ማስተላለፊያው «ቱቦ» ቢባል ይሻላል ይላሉ። በአዲስ አበባ ግን ቱቦ ከመንገድ ሥር የሚሄደው የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ነው፤ «የመጠጥ ውሃ ቱቦ» ማለት ጥርጣሬ መጋበዝ ነው። የተሻለው መንገድ «የውሃ ጎማ» የሚለውን ጥምር ቃል ይዞ በጽሑፉ ውስጥ ፈጽሞ አለማሳጠር ነው። «ጎማውን» ብቻ ተብሎ መጻፍ የለበትም። ይልቁንም «የመጠጥ ውሃ ጎማ» እና «የማጠቢያ ጎማ» ተብለው ሁለት ሊለዩ ይገባል፤ ምክንያቱም ለመጠጥ የሚሆነው ጎማ ለዚሁ ተብሎ የተሠራና አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ወይም ሰማያዊ ሲሆን፣ የመጸዳጃው ጋን ማጠቢያ ጎማ ግን ለመጠጥ ከሚውለው ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ እንኳ መቀመጥ የለበትም። «ቧንቧ»ን በተመለከተ ቃሉን ለመስመሩ ትተን፣ እጅ የሚያርፍበትን «መክፈቻ» ማለት ይበቃል።

«ፍሳሽ» የሚለው ቃል ሌላ ወጥመድ ነው። ፈሰሰ ከሚለው ግስ የተገኘ ቢሆንም ዛሬ ለብቻው ሲቆም ቆሻሻ ውሃን ብቻ ያመለክታል። መመሪያው ውሃ ከቤቱ ወደ ሰፈሩ መስመር እንዳይመለስ የሚያግደውን ዕቃ «የኋሊት ፍሳሽ መከላከያ» ብሎ ሰይሞታል። ይህን ያነበበ ሰው የሚያስበው መጸዳጃውን ነው። በእውነቱ ዕቃው በመጠጥ ውሃ መክፈቻ ላይ የሚገጠም ሲሆን፣ በመስመሩ ያለው ግፊት በድንገት ቢወድቅ በጎማው ውስጥ ያለው ውሃ ተመልሶ ወደ ጋራው መስመር እንዳይሳብ ያደርጋል። «ውሃ እንዳይመለስ ማገጃ» ቢባል ግልጽ ነው። የቧንቧ ሠራተኞች «ቼክ ቫልቭ» የሚሉት በቤቱ መግቢያ ላይ ያለው የአንድ አቅጣጫ መዝጊያም በዚሁ ስም ሊካተት ይችላል፤ ሥራቸው አንድ ነውና። «ቼክ ቫልቭ» ይቅር የሚል ካለ እኔ አልደግፈውም። የሱቅ ሻጩ የሚያውቀው እርሱን ስለሆነ በቅንፍ ሳይሆን በተከታይ ዐረፍተ ነገር ይነገር።

ስለ ግፊት ግን ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። በትምህርት ቤት መጻሕፍት «ግፊት» የታወቀ የፊዚክስ ቃል ነው። ሕዝቡ ግን ስለ ውሃ ሲናገር «ውሃው ጉልበት የለውም» ይላል፤ «ግፊት አለበት» የሚለው ደግሞ ለደም ብዛት ሕመምተኛ ነው። ተርጓሚው ከሁለቱም ሸሽቶ «የውሃ ኃይል መቆጣጠሪያ» አለ። በዚያው ገጽ ላይ ግን የመብራት መስመሩ «የኃይል ማገናኛ» ተብሏል። ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ግድግዳ ላይ በሚገናኙበት ቦታ አንድ ቃል ለሁለቱ መዋል አልነበረበትም። «የውሃ ግፊት» ማለት ይበቃል፤ «ውሃ» የሚለው ቃል ከፊት ስላለ ሐኪም የሚፈልግ አይኖርም።

የዚህ ስያሜ ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳስበኛል። «መቆጣጠሪያ» ሲባል አንባቢው የሚሽከረከር ነገር ይፈልጋል። በብዛት የሚሸጠው ዕቃ ግን የሚዞር ነገር የለውም፤ በፋብሪካ ተወስኖለት የሚገባውን ግፊት ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ፣ ይኸውም ከ2.8 እስከ 3.4 ባር ገደማ አድርጎ ያሳልፋል። የአሜሪካ የቧንቧ ሥራ ደንብ ከ80 ፒኤስአይ በላይ ለሚደርሰው ቤት መቀነሻ እንዲገባለት ይጠይቃል። በተራራ ግርጌ ባለ ማደሪያ ግን መክፈቻው ላይ ምን ያህል እንዳለ እንግዳው አስቀድሞ አያውቅም። የተሳቢ ቤት ቀጭን የፕላስቲክ መስመር ከመገጣጠሚያው ቢለቅ ደግሞ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚፈሰው። የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ቀን ይህን ዕቃ አገላብጣ «የሚዞረው የት ነው?» ብላ ጠይቃለች። ስለዚህ «የውሃ ግፊት መወሰኛ» ይባል። «መቀነሻ» ማለትም አይጠቅምም፤ የሰፈሩ ግፊት ዝቅተኛ ከሆነ ዕቃው የሚቀንሰው ነገር የለውምና። የት እንደሚገጠምም መመሪያው አልተናገረም። በመክፈቻው በኩል ሲገጠም ቤቱንም ጎማውንም ይጠብቃል፤ በቤቱ በኩል ቢገጠም ጎማው ያለጠባቂ ይቀራል። በእንግሊዝኛው ይህ በሥዕል ታይቷል፤ አማርኛው ላይ ሥዕሉ ወጥቷል፤ የወጣውን የሚተካ ዐረፍተ ነገር ግን አልገባም።

ስለ ግሶች ደግሞ። እንግሊዝኛው ለውሃውም፣ ለመብራቱም፣ ለቆሻሻውም አንድ ግስ ይጠቀማል፤ መመሪያውም ሁሉን «ያገናኙ» ብሎ ጨርሶታል። አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። መብራት ይሰካል፤ የውሃ ዕቃ ይገጠማል፤ ጥርስ ያለው ነገር ይጠበቃል፤ አጭር ጎማ በሌላ ጎማ ይቀጠላል። «ይሰኩ» የተባለ አንባቢ ማዞር እንደሌለበት፣ «አጥብቀው ይግጠሙ» የተባለ ማዞር እንዳለበት ከግሱ ብቻ ያውቃል። ይህን ሁሉ በአንድ «ማገናኘት» መተካት ቋንቋውን ማደህየት ነው። «ውሃው ለጥቂት ሰኮንድ እንዲሮጥ ያድርጉ» የሚለውስ? አማርኛ ውስጥ ውሃ ይወርዳል፣ ይፈሳል፤ ሲሮጥ ያየ የለም። ይህን ሳነብ ለምን እንዳልሣቅሁ አሁን ድረስ ይገርመኛል።

በመጨረሻው ገጽ ላይ የውሃ ጋኑን ማጠቢያ መጠን ይገኛል። «ለ15 ጋሎን ውሃ ሩብ ሲኒ የሚያነጣ ኬሚካል» ይላል። «የሚያነጣ ኬሚካል» በየቤቱ ያለው በረኪና ነው፤ በሌላ ስም መጥራት ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። «ሲኒ» ግን ከአጻጻፍ በላይ ነው። የአሜሪካ መለኪያ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚይዝ ሩቡ 60 ሚሊ ሊትር ነው። የቡና ሲኒያችን የዚያን ኩባያ ሲሶ ያህል ቢይዝ ነው። በሲኒ የለካ ሰው ጋኑን በሚገባው በረኪና ሲሶ አጥቦ ታጥቧል ብሎ ይጠጣል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ አቻ ቃል መፈለግ ትርፍ ድካም ነው፤ «ለ57 ሊትር ውሃ 60 ሚሊ ሊትር በረኪና» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው።

የተሳቢ ቤቱን ስም አስቀድሜ ተጠቅሜበት አልፌያለሁ። መመሪያው አንድ ቦታ «ካምፐር»፣ ሌላ ቦታ «የካምፕ ተጎታች» ይለዋል። «ተሳቢ» በከባድ መኪና ሾፌሮች ዘንድ የታወቀ ቃል ነው፤ «መኪናው ከነተሳቢው» ይባላል። የሰዋስው መምህራንም ይህንኑ ቃል ለሌላ ጉዳይ ቢይዙት ከሾፌሮቹ ጋር የሚጣሉ አይመስለኝም። ሞተር ያለው፣ ራሱን የሚነዳው ዓይነት ግን «ተሳቢ» ሊባል ስለማይችል ሌላ ስም ያሻዋል። ለማደሪያው ቦታ «ማረፊያ» የተባለው መለወጥ አለበት፤ «ማረፊያ ቤት» ፖሊስ ጣቢያ ያለው ነው። «መስፈሪያ» ብንልም እህል መለኪያ ይሆንብናል። «ሰፈር» ግን ከመነሻው ጦርና መንገደኛ ድንኳን ተክሎ የሚያድርበት ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰፈሮችም ብዙዎቹ እንዲያ ተነሥተው ከተማ ሆኑ። «የመንገደኞች ሰፈር» ቢባል ቃሉ ወደ ጥንቱ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው።

በእነዚህ ስያሜዎች ዋናው ክፍል እንደገና ሲጻፍ የሚከተለውን ይመስላል፦

«የሰፈሩን መክፈቻ አፍ በረኪና በነካው ጨርቅ ይጥረጉ። መክፈቻውን ከፍተው ውሃው ጥቂት ሰኮንድ ከወረደ በኋላ ይዝጉት። የውሃ ግፊት መወሰኛውን በመክፈቻው ላይ ይግጠሙ። የመጠጥ ውሃ ጎማውን አንድ ጫፍ በመወሰኛው ላይ በእጅዎ አጥብቀው ይግጠሙ። በጎማው ውስጥ ጥቂት ውሃ አሳልፈው ካጠቡት በኋላ ሌላኛውን ጫፍ 'የቧንቧ ውሃ መግቢያ' በሚለው ላይ አጥብቀው ይግጠሙ። 'የመጸዳጃ ጋን ማጠቢያ' በሚለው ላይ የመጠጥ ውሃ ጎማ አይገጠምም። የቤቱን ፓምፕ ያጥፉ። የሰፈሩን መክፈቻ በዝግታ ይክፈቱ። በወጥ ቤቱ ቀዝቃዛውን፣ ቀጥሎ ሙቁን ከፍተው አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ይጠብቁ። ማሞቂያውን የሚያበሩት ከሙቁ መክፈቻ ውሃ ሳይቆራረጥ ከወረደ በኋላ ብቻ ነው። ጎማው በሁለቱም ጫፍ የሚያንጠባጥብ ከሆነ መክፈቻውን ዘግተው በውስጡ ያለውን ጎሚኒ ይመልከቱ።»

ጽሑፉን ለእህቴ ልጅ ልኬላት ሁለት ነገር አሳረመችኝ። «በዝግታ» ማለት ምን ያህል እንደሆነ አልገባትም፤ «በመጀመሪያ ሩብ ዙር» ይባል አለች፤ ተቀብዬዋለሁ። ሁለተኛው «ፉል ሁክአፕ» የተባለውን፣ ማለትም የቧንቧ ውሃ፣ መብራትና የቆሻሻ መውረጃ ሁሉ የተሟላለትን ቦታ የሚመለከት ነው። መመሪያው «ሙሉ ግንኙነት ያለው ቦታ» ብሎታል። «ግንኙነት» በአማርኛ ለብቻው ሲቆም ወዴት እንደሚያመራ አንባብያን ስለሚያውቁ ልጆች ባሉበት ጮክ ተብሎ የሚነበብ አይደለም። እኔ «የተሟላ ቦታ» ብዬ ነበር፤ እርሷ ግን ምን የተሟላለት እንደሆነ አልታወቀም ብላ መለሰችው። በአገር ቤት ቤት የሚያከራዩ ሰዎች «ውሃና መብራት የገባለት» ይላሉ። «ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ የገባለት ቦታ» ብለን ላክንለት፤ ለአዲሱ እትም ይደርስ እንደሆነ አከራዩ እስካሁን አልመለሰልንም።